የመሐሉ ወንበር

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ቀኑን ሙሉ ሚዛን ላይ። የመኪናዋን የኋላ ወንበር ፈታትቼ፣ ስፖንጁን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ፣ ቀበቶውን ለብቻ። እጄ ግራሶ በግራሶ። ግሬም ብቅ እያለ ስንት ደረሰ ይለኛል። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፣ ከኪሎ ጋር ግን ጠበኛ ነው። ትንሽ በተቀነሰ ቁጥር ፊቱ ይፈካል።

ሦስቱ መኪኖች ጎን ለጎን እየሄዱ ነው። ደንበኛው አንድ ነው፣ ያዘዘን ግን ሦስት ዓይነት መኪና ነው። አንዷ በየቤቱ እየዞሩ ሽማግሌዎችን ለሚንከባከቡ፤ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ቀኑን ሞተርዌይ፣ ፈጣን መንገድ ላይ ለሚውል፤ ለእሷ ዋናው ቅርጿ ነው፣ ነፋስ እንዳይይዛት። ሦስተኛዋ የቤተሰብ። ት/ቤት፣ ገበያ፣ ቤ/ክ። ሦስቱም ነዳጅ መቆጠብ አለባቸው፣ እያንዳንዷ ግን በራሷ መንገድ።

የቤተሰቧ ለእኔ ደረሰችኝ። ግሬም ሥራ ሲያከፋፍል ስሜን ከእሷ ጋር ጠራ፣ እሺ አልኩ። ምን ልል ነበር? ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ደውለው ያስቀመጡልኝ ጽንስ አልያዘም ብለውኛል፣ የቀረ የለም ብለውኛል፣ ስለዚህ ሞተርዌይዋን ስጡኝ? መ/ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። ለእነሱ ያን ቀን የቀረሁት ጥርሴን አሞኝ ነው።

ግሬም የኋላው መሐል ወንበር ይውጣ ይላል። ኪሎው ያሳዝነዋል። ሁለት ልጅ ይበቃል ይላል።

ሁለት ልጅ ይበቃል። እሺ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ባሌ ጌታሁን ከፋርማሲ ሲመጣ እንደ ወትሮው የእኔን ቫይታሚን ይዞ መጣ። ነፍሰ ጡር ለመሆን የሚያስቡ ሴቶች የሚወስዱትን። ከእንግዲህ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።  ውሃ ቀድቶ ከጎኑ አስቀመጠልኝ። ዋጥኩት። ባልና ሚስት ቆመን ብርጭቆውን አየነው።

እናቱ ከደብረ ብርሃን ደወሉ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ እህል ዋጋ። መጨረሻ ላይ እንደ ሁልጊዜው፣ ማሕፀንሽን ይባርከው። አሜን አልኩ። ከሠርጋችን ጀምሮ አሜን እንዳልኩ ነው። ለእሳቸው የነገርናቸው ነገር የለም። መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ ነበር፣ ቀጥሎ ቤት እንግዛ፣ ቀጥሎ ሥራ በዝቶባታል። መርፌውን፣ አልጋውን፣ ጥበቃውን አያውቁም። ጌታሁን ነው አንንገራቸው ያለው። ቢያውቁ የሚያዝኑት ለእሱ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ዛሬ ከሚዛን ተላቀቅኩ። ስኩል ራን፣ ልጆች ት/ቤት ማድረስ።

ሰው እንዴት እንደሚነዳ ሳናይ መኪና መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር በየሱቁ ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር፤ መኪናዋ ውስጥ መለኪያ እንድናስገባና አንድ ሰው አብሯት እንዲቀመጥ የምትፈቅድ እናት፣ ነዳጇን መ/ቤቱ ይችላል። የደወለችው ሰናይት ነች። የሐበሻ ስም ሲያይ ግሬም አንቺ ሂጂ አለኝ።

ቶተንሃም፣ ካውንስል ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ። በዕድሜ እኔን አክላ፣ ምናልባት በትንሽ ታንሰኝ ይሆናል። ሳቂታ። ጴንጤ ነች፤ በር ላይ ገና ሳልቀመጥ ጌታ ይባርክሽ አለችኝ። አሮጌ የቤንዚን መኪና። ሦስት ልጆች፦ ሶልያና ስድስት ዓመቷ፣ መንታዎቹ ወንዶች አራት። የመንታዎቹ ካር ሲት፣ የልጅ ወንበራቸው፣ ግራና ቀኙን ይዞታል። ሶልያና መሐል፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሶ፣ እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ተሰክታለች።

ያየሁት፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሣል። የቀዘቀዘ ሞተር ቤንዚን ይጠጣል። እስኪሞቅ ት/ቤት ደርሰናል። ሰናይት ታጠፋዋለች፣ ልጆች ታስገባለች፣ ወሬ ታወራለች፣ ስትመለስ በርዷል። ከዚያ ገበያ፣ ደግሞ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበርዳል። ይህ መኪና ዕድሜውን ሙሉ ሞቆ አያውቅም። የወንበሩ ኪሎ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ልጅቷ ደግሞ ከመሐል አንገቷን አስግጋ በእኔና በእናቷ መካከል ገባች። ልጅ አለሽ? አለችኝ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ቅላጼ።

አንድ ሴት ልጅ አለችኝ አልኳት።

ከየት እንደ ወጣ አላውቅም። ማን ትባላለች አለች። ማሕሌት አልኩ። አምስት ዓመቷ ነው አልኩ። ሶልያና ደስ ብሏት ወደ ኋላ ተደገፈች። ሰናይት በእጇ ጉልበቴን መታ አድርጋ፣ አልነገርሽኝም እኮ አለች።

ማሕሌት የሚለውን ስም ከጌታሁን ጋር ያወጣነው በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ጮክ ብዬ ስጠራው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። አላስተካከልኩም። ይባስ ብሎ ጠዋት ስነሣ ቸኮልኩ። ጌታሁን ምን ተገኘ አለ። ሥራ አልኩት።

ሶልያና ጥያቄ አያልቅባትም። ማሕሌት ምን ትወዳለች? ፓስታ። የትኛው ት/ቤት ነች? ፊንስበሪ ፓርክ፣ ቤታችን አጠገብ። ጸጉሯን ማን ይሠራታል? አባቷ። ይሄን ስል እኔም ሣቅሁ። ሰናይትም ሣቀች፣ ታድለሽ አለች፣ የእኔው ባል ቢሆን ጭንቅላቷን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይልክልኝ ነበር።

የማልመልሰው ጥያቄ የለም። ሁሉንም አውቀዋለሁ። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሥራ፦ ቁጥሩን ለግሬም ላክሁ። በትክክል ተመልከት አልኩት። የቤተሰብ መኪና ችግሩ ክብደት ሳይሆን አጭር መንገድ ነው። ባትሪዋን ትንሽ እናሳድጋት፣ ሞተሯን እናሳንሳት፣ ከቤት እስከ ት/ቤት በባትሪ ብቻ ትሂድ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪው ይሞላ። ሞተሩ የሚነሣው ረጅም መንገድ ሲወጡ ይሁን። ያኔ ይሞቃል፣ ያኔ አይባክንም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

ሃፍ ተርም። ት/ቤት ዝግ። ሰናይት ጋ አልሄድም።

ዛሬ ወንበሩን ከሰው ክብደት ጋር ሞከርነው። በልጅ ፋንታ የምንጠቀመው የአሸዋ ከረጢት ነው፣ በየዕድሜው ተመዝኖ ይቀመጣል። ባልደረባዬ አልነበረም፣ ብቻዬን አነሣሁ። የአራት ዓመት ግራ፣ የአራት ዓመት ቀኝ። ቀጥሎ መሐል። የስድስቱን መያዝ ሲገባኝ የአምስቱን አነሣሁ። ታቅፌው ከመደርደሪያው እስከ መኪናው ሄድኩ። አይከብድም። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ቀበቶውን አሰርኩ። ትንሽ ጠበቀ መሰለኝና አላላሁት።

ከዚያ እዚያው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ግሬም መጥቶ ስንት ሆነ አለ። ሚዛኑን አላነበብኩም ነበር።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ሁዳዴ ገባ። ሰናይት ረስታ ቸኮሌት ሰጠችኝ፣ ጾም ነው ስላት ይቅርታ ብላ ሙዝ ላጠችልኝ። እየነዳች።

ሃፍ ተርም ለምን ማሕሌትን ይዘሻት አልመጣሽም አለች። ሳል ይዟት ነበር አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ ነው። ሰናይት ፊቷ ተለወጠ። ደረቷን ያማታል ወይ? ማታ ማታ ይብስባታል? እኔም አዎ እያልኩ። ዓርብ ጸሎት አለን፣ ስሟን እጠራለሁ አለችኝ።

ቀልድ አልነበረም። መሪውን እንደ ያዘች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ዛሬ መቆም ነበረበት። እዚያው ላይ። ሶልያና ከኋላ ማሕሌት ትድናለች ወይ አለች። ትድናለች አልኳት።

ቅዳሜ፣ ማርች 1



ጸጉሬን እየታጠብኩ ነበር። ስወጣ ጌታሁን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ስልኬ በእጁ። ሰናይት የምትባል ደወለች አለ። ስለ ማሕሌት።

 ስሙን በሱ አፍ መስማት።

ሶልያናን ያጠራት ካፖርት አለ አሉ፣ አዲስ ማለት ነው፣ ለማሕሌት፣ ለአምስት ዓመቷ፣ ስንት ቁጥር ይሆናታል ብላ ነው የደወለችው አለኝ።

ምን አልካት? አልኩት።

ፎጣውን እያየ ነበር። "አምስት ዓመቷ ነው፣ ግን ቀጠን ትላለች አልኳት። እጇ ረዘም ይላል፣ እንደ እናቷ አልኳት።"

ለምን ዋሸሽ አላለኝም። አልተቆጣም። ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ጸጉሬ እየተንጠባጠበ። ስለ ት/ቤቱ ያልኩትን ነገርኩት፣ ስለ ፓስታው። ጸጉሯን አንተ ነህ የምትሠራት ስለው መጀመሪያ ሣቀ፣ ከዚያ ፊቱን በፎጣዬ ሸፈነ። እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ከሆ/ል ሲደወልም እኔን ሲያባብል ነበር።

ዛሬ አብረን ነን ብዬ አሰብኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

አብረን አይደለንም። ተሳስቻለሁ።

ካፖርቱ መጣ። ቀይ፣ ባለ ቆብ፣ አንድ ቁልፍ የተቀየረ። ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼው ነበር። ከሥራ ስመለስ ጌታሁን አውጥቶ በሩ ጋ፣ ከእኛ ካፖርት መሐል ሰቅሎታል። ራት ላይ ስለ ቆጵሮሱ ክሊኒክ አነሣ። የአጎቱ ልጅና ባሏ እዚያ ነው የተሳካላቸው። ፎርሙን ሞልቶ ልኳል፣ ቀጠሮ ለፋሲካ ማግሥት ሰጥተውታል። አንዴ ብቻ ይላል። ዓይኑ ያበራል። የሰናይት ስልክ ምልክት ነው ይላል፣ ያለ ምክንያት አይደለም ይላል።

 ያበራው የእኔ ውሸት ነው። ዓመቱን ሙሉ እየደበዘዘ የነበረውን ሰው እኔ ነኝ እንደ ፍም እፍ ያልኩበት።

ሰውነቴ ግን አልችልም ይላል። ይሄን ለማንም አላልኩም። አሁን ለአንቺ አልኩ፣ ደብተሬ። አልችልም።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ሚቲንግ። ወንበሩ ይውጣ አይውጣ። ግሬም ቁጥር በቁጥር አሰለፈ። ወንበሩ ከወጣ ይሄን ያህል ኪሎ፣ የባትሪው ጭማሪ ይካካሳል። ትክክል ነው፣ በወረቀት።

እኔ ስለ ሶልያና ነገርኳቸው። ስሟን ሳልጠራ። በሁለት ካር ሲት መካከል የምትቀመጥ ልጅ አለች አልኩ። ወንበሩን ካወጣችሁ እናቷ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፣ ወይም ሰባት ሰው የሚይዝ ትልቅ መኪና ትገዛለች። ያኔ የቆጠባችሁት ነዳጅ የት አለ? ሰው የሚፈልገውን ከከለከላችሁት የሚገዛው ሌላ መኪና ነው። ይልቅ መሐሉን እናስፋው፣ የዳሮቹን ትንሽ ወደ በሩ እንግፋ፣ ብረቱን እናቅልል።

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።  ከስብሰባው በኋላ ግሬም ጥርስሽ እንዴት ሆነ አለኝ።

ተነቀለ አልኩት።

ዓርብ፣ ማርች 7

ነገርኳት።

ልጆቹ ገብተዋል። ሰናይት ሞተሩን ልታስነሣ ስትል፣ እሑድ ሳምንት የሶልያና ልደት ነው፣ ማሕሌትን ይዘሻት ነይ፣ ኬኩ ላይ የማሕሌትንም ስም እናጽፍ ብላኛለች ልጄ አለችኝ። ሶልያና። ኬኳ ላይ የሌላ ልጅ ስም ልታጽፍ።

ማሕሌት የለችም አልኳት።

መጀመሪያ የሆነ ቦታ የሄደች መሰላት። ልጅ የለኝም አልኳት፣ ኖሮኝም አያውቅም። ሕክምናውን ነገርኳት፣ የመጨረሻውንም። ካፖርቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ጌታሁን ተኝቶ ሳለ ነው ከመስቀያው ያወረድኩት።

ሰናይት መሪውን እንደ ያዘች ቀረች። የት/ቤቱ በር ተዘጋ፣ የዘገዩ እናቶች እየሮጡ አለፉ። ባልሽ ግን በስልክ ልኳን ነግሮኛል አለች። እሱም አልኳት። እሱም ፈልጎ ነው።

"ባለፈው ዓርብ ስሟን ጠርቻለሁ፣ ፅጌ። ሁላችንም ነን። አንዲት እናት ተንበርክካላት አልቅሳለች።"

ይቅርታ አልኩ። 

አልጮኸችም። አላቀፈችኝም። ካፖርቱን ተቀብላ ወደ ኋላ ወንበር አደረገችው። እንዲህም አለች፦ "እኔ እችለዋለሁ። ሶልያናን ግን አንቺ ንገሪያት። እኔ ስለ አንቺ ብዬ ልጄን አልዋሻትም።"

እሺ አልኩ። መለኪያውን ነቅዬ ወረድኩ። በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ማርች 10

ለመጨረሻ ጊዜ ስኩል ራን። መለኪያ የለም፣ ሥራው አልቋል። ሰናይት ደርሳ በሩን ከፈተችልኝ፣ ደህና አደርሽ ብቻ አለች።

መንታዎቹ በብስኩት ይጣላሉ። ሶልያና መሐል። ዞር ብዬ አየኋት፣ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

ማሕሌት ልደትሽ ላይ አትመጣም አልኳት።

"አሁንም ያማታል?"

አይደለም። የውሸቴን ነው አለችኝ ያልኩሽ፣ ማሕሌት የለችም።

አሰበች። "ሞታ ነው?"

አልሞተችም። አልተወለደችም።

"መቼ ትወለዳለች?"

ሰናይት መንገዱን ብቻ ታያለች። ቀይ መብራት ላይ ነን። ከጀርባችን አውቶቡስ።

አትወለድም አልኳት።

አንድም ሐኪም እንዲህ አላለኝም። ዕድሉ አነስተኛ ነው ይላሉ፣ እንደ ሁኔታው ይላሉ። እኔም ለራሴ ብዬው አላውቅም። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን እንደ ሁኔታው አይባልም።

 መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሶልያና፣ "ታዲያ ስሟን ምን ታደርጊዋለሽ?"

አላውቅም አልኳት። አላውቅምና።

ት/ቤት ስንደርስ ቻው ሳትለኝ ወረደች። ቦርሳዋ መሬት እየተጎተተ። ሰናይት ተከትላት ገባች። እኔ ሳልጠብቃት ሄድኩ። እስከ ሰቨን ሲስተርስ በእግሬ፣ ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ገባሁ፣ ባቡሩ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ መጣ።

ማምሻውን ለጌታሁን ነገርኩት። ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። ቆጵሮስ አልሄድም አልኩት። ማሕሌት አትወለድም።

ካውያውን አቆመው፣ ገመዱን ነቀለው። ካፖርቱ የት ሄደ አለኝ። መለስኩት አልኩ። መስቀያውን አየ፣ የራሱን ካፖርት አንስቶ ወጣ።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ሳሎን ነው የሚተኛው። ጠዋት ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ያስቀምጣል፣ እንደ እንግዳ። ሽሮ ሠርቼ አስቀመጥኩለት። አልነካውም።

ትናንት አንድ ነገር ብቻ አለኝ፣ በር ላይ ጫማውን እያሰረ። እኔን ሳትጠይቂ ለልጅቷ ነገርሻት አለኝ። ከእኔ በፊት።

እውነቱን ነው።  መመለስ ያለብኝ ምን ነበር? አንተን ማየት አልቻልኩም፣ እሷን ማየት ግን ቻልኩ?

ሊሄድ ይችላል ብዬ አሰብኩ ዛሬ። ገና አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ወንድ ነው። ሌላ አግብቶ ቢወልድ ማን ይፈርድበታል። ምሳ ሰዓት ላይ መ/ቤት ውስጥ ይሄን እያሰብኩ የሞተሩን ሥዕል ገልብጬ ይዤ ነበር።

ዓርብ፣ ማርች 14

ደንበኞቹ መጡ። ሦስቱንም አሳየናቸው። የሽማግሌ ተንከባካቢዎቹን ወደዷት። የሞተርዌይዋን እሺ አሉ። የቤተሰቧ ጋ ቆዩ።

ግሬም ራሱ አስረዳ። ለምን በባትሪ እንደምትነሣ፣ ለምን ሞተሯ እንዳነሰ። የመሐሉ ወንበር አለ፣ ሰፍቶ። አንዱ ረጅም ሰውዬ ኮቱን አውልቆ በሁለቱ የአሸዋ ከረጢቶች መካከል ገብቶ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ አልነካም። ሁሉም ሣቁ። ይሄ የማን ሐሳብ ነው አሉ። ግሬም በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። አጨበጨቡ።

ፈገግ ብዬ ቆምኩ። ጥሩ መኪና ነች። እውነት ጥሩ ነች። አንድ ቀን የሆነ ቦታ፣ የሆነች እናት ሦስት ልጆች ጭና፣ ያለ ድምፅ ከበሯ ትወጣለች። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቆይቶ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ቆምኩ።

ከሰናይት መልእክት ነበር። ሶልያና አኩርፋለች፣ ይተዋታል አለች። መልካም ጾም፣ ደኅና ሁኚ። ሌላ የለም። ደጋግሜ አነበብኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ጠዋት ጌታሁን ሳሎን ውስጥ ሲያወራ ሰማሁ። እናቱ ጋ ነው የደወለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኮ አይደውልም፣ እሑድ ነው። በሩ ጋ ቆምኩ። አየኝ፣ ድምፁን አልቀነሰም።

ሁሉንም ነገራቸው። ትምህርቴ፣ ቤቱ፣ ሥራው ሰበብ እንደ ነበር። ሐኪም ቤቱን። የመጨረሻውን። ከእንግዲህ አንሞክርም እማዬ አላቸው። አንሞክርም ነው ያለው። ያቺን አንዲት ቃል ሰምቼ ሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጥኩ።

  ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፣ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ጌታሁን ስልኩን ዘረጋልኝ። አንቺን ነው አለ።

አልፈልግም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እጁን አላጠፈም።

ተቀበልኩ። እማማ፣ እንደምን አደሩ አልኩ። ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር፣ አልደረስኩም።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን፣ መርፌው፣ ምኑ፣ ያምሽ ነበር?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሐኪሞቹ ቁጥር ነው የሚጠይቁት። ጌታሁን ይሳካል ወይ ነው የሚለው። እኔም ሰናይት መኪና ውስጥ ሁሉን ስዘረዝር ይሄን አላልኩም።

"አዎ እማማ፣" አልኩ። "ያመኝ ነበር።"

እኔን አሉ፣ እኔን ልጄን። ብቻሽን።  እያለቀስን ሁለታችንም ቆየን፣ እሳቸው እዚያ፣ እኔ እዚህ። ሲዘጉ ማሕፀንሽን አላሉም። እግዜር ጤናሽን ይስጥሽ አሉ። አሜን አልኩ።

ጌታሁን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጀርባውን ለሶፋው ሰጥቶ። ያምሽ እንደ ነበር አላውቅም ነበር አለኝ። ያውቅ ነበር፣ መርፌውን የሚወጋኝ እሱ አልነበር? ግን ገብቶኛል ምን ማለቱ እንደሆነ።

አጠገቡ ወረድኩ። ይቀራል ይሄዳል አልጠየቅኩትም፣ አልነገረኝም። እንዲህ ቁጭ ብለን ምሳ ሰዓት አለፈ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ላፕቶፑ ተከፍቶ። ለቆጵሮሶቹ እየጻፈ ነው። በእንግሊዝኛ፣ አጭር፤ እንደማንመጣ፣ ቀጠሮውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡ። ጽፎ ጨረሰና ወደ እኔ አዞረው፣ አንብቢው ብሎ። ጣቱ ማውሱ ላይ እንደ ሆነ ይጠብቀኛል።

አነበብኩት። ላከው አልኩት።